ከናይሮቢ እስከ አሩሻ፦ በመሬት ጠበቃ ዱካ 7 ቀን

በኬንያ የነባር ሕዝቦችን የመሬት ክርክር የያዘ ጠበቃ፣ ካባ ለብሶ ችሎት ከሚቆምበት ቀን ይልቅ አቧራና ጭቃ የሚረግጥበት ቀን ይበዛል። ይህ ማስታወሻ የ2 መዝገቦችን ዱካ ይከተላል፤ አንዱ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር የተፈናቀሉት ከብት አርቢዎቹ ኤንዶሮይሶች፣ ሌላው ከማው ደን ውጡ የተባሉት አዳኝና ማር ሰብሳቢዎቹ ኦጊዬኮች መዝገብ ነው። መነሻው ናይሮቢ፣ መድረሻው የአህጉሩ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ያለበት የታንዛኒያው አሩሻ። ለጉዞው ጥርና የካቲት ይመረጣሉ፤ ሚያዝያ ከገባ የማው መንገድ ለመኪናም ለእግርም አይመችም። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀን 1፦ ናይሮቢ

የመጀመሪያው ቀን የወረቀት ቀን ነው። በሞይ ጎዳና ላይ ያለው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገና በጠዋት ይገባበታል። የሚፈለገው ከ1932 እስከ 1934 የሠራው የቅኝ ገዢው የመሬት ኮሚሽን ሰነድ ነው፤ በሰብሳቢው ስም የካርተር ኮሚሽን ይባላል። ኮሚሽኑ ኦጊዬኮችን «ዶሮቦ» እያለ ይጠራና፣ ከደኑ ወጥተው ወደሚቀርቧቸው ትልልቅ ጎሳዎች እንዲቀላቀሉ ሐሳብ ያቀርባል። ስሙ ራሱ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከብት የሌለው ለማለት፣ በንቀት። ጀማሪ ጠበቃ ይህን አንብቦ ተናዶ ይዘጋዋል። ነገሩ የገባው ግን ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያስወጣል። ይውጣ የተባለ ሰው ውስጥ ነበረ ማለት ነውና፣ የማስወጫው ወረቀት ዞሮ የነባርነት ማስረጃ ይሆናል።

ቀጥሎ የመንግሥት ጋዜጣ አለ፤ የእኛ ነጋሪት ጋዜጣ አቻ። እዚህ የሚያሳስተው ስም ነው። የቦጎሪያ አካባቢ በ1973 የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ሲባል የተመዘገበው በአንድ እንግሊዛዊ ጳጳስ ስም «ሐይቅ ሃኒንግተን» ተብሎ ነው። ቦጎሪያ የሆነው በ1974 ነው። ስለዚህ «ቦጎሪያ» እያለ የሚያገላብጥ ሰው ዋናውን ማስታወቂያ ሳያገኝ ይመሻል። ማስታወቂያው ሲገኝ ደግሞ መነበብ ያለበት አባሪው ነው፤ ወሰኑ በየትኛው ወንዝና በየትኛው ጉብታ እንደሚያልፍ፣ የወሰን ፕላኑም ቁጥር የሚገኘው እዚያ ነው። በዚያ ቁጥር ፕላኑን ከቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ማስወጣት ይቻላል። ማኅተም የሌለውን ፎቶ ኮፒ ማስረጃ ብሎ ማያያዝ ለመንግሥት ጠበቃ መቃወሚያ እንደ ማቀበል ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕገ መንግሥቱን መግለጥ ነው። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት መሬትን በ3 ይከፍላል፤ የሕዝብ፣ የማኅበረሰብ፣ የግል። አንቀጽ 62 የመንግሥት ደንና የእንስሳት ጥብቅ ክልል የሕዝብ መሬት ነው ይላል። አንቀጽ 63 ደግሞ አዳኝና ለቃሚ ማኅበረሰቦች ከጥንት ጀምሮ የያዙት የአባቶች መሬት የማኅበረሰብ ነው ይላል። ማው ደን በሁለቱም አንቀጾች ሥር ይወድቃል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እየተባለ ላደገ አንባቢ 63 አዲስ ነገር አይደለም። በሥራ ላይ ግን ቀድሞ የሚመዘዘው 62 ነው፤ ካርታ ያለው እሱ ስለሆነ።

ሌላው የናይሮቢ ሥራ ቀጠሮ መቁጠር ነው። ኦጊዬኮች በ1997 እዚሁ ከተማ የከፈቱት አንድ ክስ ፍርድ ያገኘው መጋቢት 17 ቀን 2014 ነው። 17 ዓመት! የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 አቤት ባይ መጀመሪያ በአገሩ ያለውን መፍትሔ እንዲጨርስ ያዛል፤ ያለ አግባብ ከተጓተተ ግን ነጻ ያወጣዋል። መጓተቱን የሚያስረዳው ምሬት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ መቼ፣ በማን ጥያቄና በምን ምክንያት እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ክሱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ካልተያዘ በኋላ ከመዝገብ ቤት ለቅሞ መሙላት ሌላ 1 ዓመት ይወስዳል።

ቀን 2፦ ናይሮቢ ወደ ናኩሩ

160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሊሙሩ በኩል ወጥቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል እያዩ፣ በናይቫሻና በጊልጊል። መንገዱን የሚያረዝመው ወደ ኡጋንዳ የሚጓዘው የከባድ መኪና ሰልፍ ነው።

በናኩሩ የሚታየው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ኤንዶሮይሶች በ2002 የተረቱት እዚህ ነው። ፍርድ ቤቱ መሬቱ በአደራ የተያዘላቸው እንደነበር ተቀብሎ፣ ጥብቅ ክልል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ግን መብታቸው ቀርቷል አለ። ሰው ከተፈጥሮ ሀብት አጠገብ ስለተወለደ ብቻ ተጠቃሚ ልሁን ሊል አይችልም ሲልም አከለ። ለቤተሰቦች የተሰጠው ገንዘብም እዳውን እንደዘጋ ቆጠረው። ገንዘቡ ስንት ነበር? በ1986፣ ከ400 ከማያንሱ ቤተሰቦች ለ170ው፣ ለእያንዳንዳቸው 3,150 የኬንያ ሽልንግ። ማኅበረሰቡ የዕቃ ማጓጓዣ ነው ብሎ ነበር የተቀበለው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከተፈናቃይ ጋር በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ መጠየቅ ያለበት ምን ፈርማችሁ ተቀበላችሁ፣ ወረቀቱስ ላይ ምን ተጽፎ ነበር የሚለው ነው። ደረሰኙ የጠፋበት ሰው ካለም ሁኔታው ወዲያው በቃለ መሐላ ይያዛል።

ቀን 3፦ ናኩሩ ወደ ማሪጋትና ቦጎሪያ

ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል። በሞጎቲዮ አካባቢ የምድር ወገብ ምልክት ይታለፋል፤ ፎቶ የሚነሳ ይነሳል፣ ቀያሽ ግን መሣሪያውን ያያል፤ ለምን እንደሆነ ነገ ይመጣል። ከናኩሩ ደጋ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ስለሚወረድ ሙቀቱ ይጨምራል። ማሪጋት አካባቢ ዳር ዳሩን የያዘው እሾሃም ዛፍ አፋር የሄደ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ያው አዋሽን የወረረው ፕሮሶፒስ። የኢልቻሙስ ማኅበረሰብ በዚሁ ዛፍ ምክንያት መንግሥትን ሲከስ፣ ፍሬውን በልታ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ፍርድ ቤት ድረስ ይዞ ቀርቦ ነበር። ፍየሏን ያየ ዳኛ የባለሙያ አስተያየት አይጠይቅም ብለው ይሆናል።

በማሪጋት የሚሠራው ሥራ ባራዛ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረግ የማኅበረሰብ ስብሰባ። የ2016ቱ የማኅበረሰብ መሬት አዋጅ መንገዱን ያሳያል። የማኅበረሰብ መሬት መዝጋቢው አገር አቀፍ ስርጭት ባለው ጋዜጣና በሬዲዮ አባላቱን ለስብሰባ ይጠራል። አባላቱ ከ7 እስከ 15 ሰው ያለበት የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣሉ። ኮሚቴው የማኅበረሰቡን ስም፣ የአባላት መዝገብ፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤና የውስጥ ደንቡን ለመዝጋቢው ያስገባል። መሬቱ ከመለካቱ በፊት ደግሞ የ60 ቀን ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ ካለ በዚያ ጊዜ ይቅረብ ነው።

ሥራው የሚሰናከለው ምልዓተ ጉባኤው ላይ ነው። አዋጁ ከአዋቂ አባላት 2 ሦስተኛው እንዲገኝ ይጠይቃል፤ የከብት አርቢው ግማሽ ግን በበጋ ሩቅ ግጦሽ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ይገጠማል፣ ዝናብ ከጣለና ከብቱ ከተመለሰ በኋላ። ስም ሲመዘገብ ጎሳውና ንዑስ ጎሳው፣ የመታወቂያ ቁጥሩና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው አብሮ ይያዛል። መታወቂያ የሌለው አዋቂ ከመዝገቡ አይቀርም፤ በ2 ሽማግሌዎች ምስክርነት ለብቻ ይመዘገብና መታወቂያው እንዲወጣለት ይደረጋል። ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው መሰብሰብ አለባቸው። ወንዶቹ ባሉበት ዝም የሚሉት፣ ለብቻቸው ሲሆኑ የውሃውን፣ የመቃብሩንና የመድኃኒት ቅጠሉን ቦታ አንድ በአንድ ይቆጥሩታል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ሱዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ «ሳ ታቱ» ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሽማግሌው 3 ሰዓት ላይ ቤታችን ተቃጠለ ሲል፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ጸሐፊ ባለማስተዋል ቁጥሩን እንዳለ ካሰፈረው፣ ምስክሩ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ሌሊት ሆነ ወይስ ጠዋት ተብሎ ይያዛል። ለኢትዮጵያዊ ግን ይህ ወጥመድ አይደለም።

ቀን 4፦ ቦጎሪያ ሐይቅ ዳር

ሐይቁ ጨዋማ ነው፤ በምዕራቡ ዳር ፍል ውሃ ይፈነዳል፣ ፍላሚንጎው ውሃውን ሮዝ ያደርገዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ሞልቶ የዳርቻውን የቀድሞ መንገድና መግቢያ ስለዋጠው፣ አሮጌ ካርታ ይዞ የሚመጣ ሰው ውሃ ላይ ይቆማል።

ኤንዶሮይሶች በ2002 ከተረቱ በኋላ አቤቱታው በ2003 በጋምቢያዋ ባንጁል ለሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ገባ፤ ቁጥሩ 276/2003። ያቀረቡት ሴምራይድ የተባለው የኬንያ ድርጅትና የለንደኑ ማይኖሪቲ ራይትስ ግሩፕ ናቸው። ኮሚሽኑ በኅዳር 2009 ወሰነ፣ በ2010 መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት አጸደቀው። የእምነት፣ የንብረት፣ የባህል፣ የተፈጥሮ ሀብትና የልማት መብቶች ተጥሰዋል አለ።  ከዚህ መዝገብ ጠበቆች አንዱ፣ የሴምራይድ መሥራች ከሆኑት መካከል የነበረው አብርሃም ኮሪር ሲንጎኤይ፣ በ2022 መጨረሻ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቋሚ ጸሐፊ ሆኗል። በዚህ ሙያ መንግሥትን ከሶ መንግሥት ውስጥ መግባት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሊመሰገንም ሊወቀስም ይችላል።

እንግዲህ ወደ ወሰን ልኬቱ። ወሰኑን በእግር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከየጎሳው ይመረጣሉ፤ 2 ወይም 3 በቂ ነው፣ ከበዙ መንገዱ ክርክር ይሆናል። የጎረቤት ማኅበረሰብ ሽማግሌም አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ያልፈረመበት ወሰን ነገ አዲስ ክስ ይወልዳል። በእያንዳንዱ ምልክት፣ ድንጋይ ይሁን ምንጭ ወይም ዋርካ፣ ጂፒኤሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ንባቡ በማስታወሻ ደብተርም በእጅ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የቦታው ስም በሽማግሌው አንደበት ይቀረጻል። የእምነት ቦታ ከሆነ ግን ማኅበረሰቡ ሳይፈቅድ ነጥቡ አይያዝም። የምሥጢር ቦታ አንዴ የችሎት አባሪ ከሆነ የማንም ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከመሣሪያው ቅንብር ነው። የኬንያ አሮጌ የ1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አርክ 1960 በሚባለው የቅየሳ መነሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ በሚሰላበት የምድር ልክ) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ካልተነገረው በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራል። በሁለቱ መካከል ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። አንድን ምንጭ ከወሰን ውስጥ ወደ ውጭ ለማውጣት ይህ ይበቃል። የእኛ ቀያሾች በአሮጌው የአገራችን መነሻ በአዲንዳንና በደብሊውጂኤስ መካከል የሚያውቁት ጣጣ ነው። ቦጎሪያ ላይ ሌላም ይጨመራል። ሐይቁ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከ36ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ በስተምሥራቅ ስለሆነ የዩቲኤም (ምድርን በዞን እየከፈለ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት) ዞኑ 37 ሰሜን ነው። ነገ የሚደረስበት ኔሱይት ከሁለቱም መስመሮች ወዲያ ማዶ፣ በዞን 36 ደቡብ ነው። ዞኑ ሳይቀየር የተያዘ ነጥብ፣ ወይም ያለ ዞን የተጻፈ ቁጥር፣ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወድቃል። የዚያ ዓይነት ስህተት ወዲያው ስለሚታይ ይታረማል፤ የሚያስፈራው የ300 ሜትሩ ነው፣ ልክ ስለሚመስል።

ቀን 5፦ ማው ደን፣ ኔሱይት

ወደ ናኩሩ ተመልሶ፣ በንጆሮ በኩል ሽቅብ። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትናንት ያላበው ሰው ዛሬ ሹራብ ይፈልጋል። ማው ወደ 400,000 ሄክታር የሚጠጋ የውሃ ማማ ሲሆን፣ ወደ ቪክቶሪያ፣ ወደ ናኩሩና ወደ ሌሎችም ሐይቆች የሚሄዱ ወንዞች ይነሱበታል። ትናንት ቦጎሪያ ላይ የነበረው ክርክር ስለ ግጦሽና ስለ ሐይቅ ነበር፤ እዚህ ስለ ማር ነው። ኦጊዬኮች ደኑን በጎሳ በጎሳ የሚካፈሉት ቀፎ በሚሰቀልበት ሸንተረርና ሸለቆ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤትና ስም አለው፤ ለላይኛ ተመልካች ግን ያልተነካ ጫካ ይመስላል፣ የሕግ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ለማሳየት ነው በ2006 እዚሁ ኔሱይት ላይ የማው ምሥራቃዊ ክፍል ሞዴል በካርቶን የተሠራው። ልኬቱ 1 ለ10,000 ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ማለት ነው፤ የሸፈነው 576 ካሬ ኪሎ ሜትር። የከፍታ መስመሮቹ ከካርታ ወደ ካርቶን ይገለበጣሉ፣ እያንዳንዱ ንብር ይቆረጣል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይለጠፋል፣ ወረቀትና ሙጫ ለብሶ ይደርቃል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቀለም ደንና እርሻን፣ ክር ወንዝና የጎሳ ወሰንን፣ ባለ ጭንቅላት መርፌ ምንጭ፣ ዋሻና መቃብርን ያሳያል። የመርፌው ቀለም ትርጉም በቅድሚያ በማኅበረሰቡ ቋንቋ ተስማምተውበት ካልተጻፈ፣ በሁለተኛው ቀን ቀዩ ምን ነበር እየተባለ ይጨቃጨቃሉ። ወረቀት ካርታ ማንበብ የማይችል አዛውንት ተራራውን በእጁ ዳስሶ የአያቱን ቀፎ ቦታ ያገኘዋል።

ኦጊዬክ በአጠቃላይ 20,000 ያህል ሲሆን 15,000ው በማው ይኖራል። የኬንያ ደን አገልግሎት በጥቅምት 2009 በ30 ቀን ውጡ ሲል መንግሥት ያቀረበው ምክንያት 2 ነበር። አንደኛው፣ እነዚህ ሰዎች የዱሮዎቹ አይደሉም፤ ይማራሉ፣ ያርሳሉ፣ ከሱቅ ይገዛሉ። በ2000 የኬንያ ፍርድ ቤት የቲኔት ደን ኦጊዬኮችን በዚህ ዓይነት ሐሳብ ረትቷቸው ነበር። ለዚህ መልሱ ምስክሩን የዱሮ ቆዳ አልብሶ ማቅረብ አይደለም፤ ያ ክሱን ይገድላል። ስልክ የያዘው ወጣት ዛሬም ቀፎ የሚሰቅለው በአባቱ ሸንተረር መሆኑን ማሳየት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደኑን መጠበቅ ነው። የመልሱ ቁልፍ ያለው በቀን 1ዱ የመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ ነው፤ በ2001 ከማው ምሥራቅ ከ35,000 ሄክታር በላይ ከደንነት የወጣው በራሱ በመንግሥት ማስታወቂያ ነው።

ቀን 6፦ ናሮክ

በማው ናሮክ በኩል ወደ ደቡብ ይወረዳል፤ ስንዴ፣ ስንዴ፣ ደግሞ ስንዴ። በናሮክ ወገን ያለው ሳሲምዋኒ በኅዳር 2023 ኦጊዬኮች እንደገና ከቤታቸው የተነሱበት ነው፣ ያውም በአህጉሩ ፍርድ ቤት ከረቱ በኋላ። በእንዲህ ያለ ቀን ጠበቃ የሚፈልገው ትንታኔ አይደለም፤ ቀንና ሰዓት ያለው ፎቶ፣ የፈረሰው ቤት ዝርዝር በባለቤቱ ስም፣ ትእዛዝ የሰጠው አካል ማንነት፣ የተጎዳ ካለም የጤና ጣቢያ ወረቀት ነው። ማታ ናይሮቢ።

ቀን 7፦ ናይሮቢ ወደ አሩሻ

270 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በናማንጋ ድንበር። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ያለው በዶዶማ መንገድ፣ በምዋሊሙ ጁሊየስ ኔሬሬ የጥበቃ ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው። 11 ዳኞች አሉት። ሥራ የጀመረው አዲስ አበባ ነበር፣ በኅዳር 2006፤ ወደ አሩሻ የመጣው በ2007 ነው። የኦጊዬክ ክርክር የተሰማውም ኅዳር 27 እና 28 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ብዙ የሕግ ተማሪዎቻችን በራቸው ላይ ያለፈውን ችሎት አያውቁም። ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ብትፈርምም አላጸደቀችውም።

ኦጊዬኮች በቀጥታ መክሰስ አይችሉም ነበር። ግለሰብና ድርጅት በቀጥታ እንዲከሱ አገሩ በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34 ንዑስ 6 መግለጫ መስጠት አለበት፤ ኬንያ አልሰጠችም። ስለዚህ አቤቱታው በ2009 ለኮሚሽኑ ቀረበ፣ ኮሚሽኑ ራሱ ከሳሽ ሆኖ በሐምሌ 2012 ወደ ፍርድ ቤቱ አመጣው። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2013 ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ኬንያዊው ዳኛ ቤን ኪዮኮ ከችሎቱ ተነሱ፤ ደንቡ ነው። በማኅበረሰቡ በኩል ለዓመታት መዝገቡን ከመሩት አንዷ በጊዜው የማይኖሪቲ ራይትስ ግሩፕ ጠበቃ የነበረችው ሉሲ ክላሪጅ ናት።

ግንቦት 26 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ኬንያ 7 የቻርተሩን አንቀጾች ጥሳለች አለ። ማውን ያራቆተው ኦጊዬክ ሳይሆን የሌሎች ሰፈራ፣ ከደን የተቀነሰው መሬትና የእንጨት ፈቃድ ነው ሲልም አከለ። ኦጊዬኮች የተረቱበት አንድ ነጥብ አለ፤ አንቀጽ 4፣ የሕይወት መብት። በማፈናቀሉና በሞት መካከል ያለው ትስስር አልተረጋገጠም ተባለ። ይህን ሽንፈት ማጥናት ከድሉ የበለጠ ይጠቅማል። ማን፣ መቼ፣ ከተፈናቀለ በስንት ቀን፣ በምን ሕመም ሞተ የሚለው በወቅቱ ካልተመዘገበ ከዓመታት በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

የካሳው ፍርድ ሌላ 5 ዓመት ወሰደ። ሰኔ 23 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ ለቁሳዊ ጉዳት 57,850,000፣ ለሞራል ጉዳት 100,000,000 የኬንያ ሽልንግ በርትዕ፣ ማለትም በፍትሐዊ ግምት፣ ወሰነ። መሬቱ በ2 ዓመት ውስጥ ተለክቶ በጋራ ባለቤትነት ካርታ እንዲሰጥ፣ ገንዘቡም የሚገባበት የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ በ12 ወር እንዲቋቋም አዘዘ። 2ቱ ዓመት በሰኔ 2024 አልቋል። አሩሻ አፈጻጸም የሚልክ የራሱ ፖሊስ የለውም። የማያስፈጽመውን አገር ለአፍሪካ ኅብረት ያሳውቃል፣ ሌላው የጠበቃው ፋንታ ነው፤ ለናይሮቢ የመሬት ሚኒስቴር ደብዳቤ፣ ለዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤ፣ ለበጀት ኮሚቴው ደብዳቤ፣ የደረሰበት ቀን ማኅተም እያስመቱ።

የመልስ ጉዞው ላይ በቦርሳው ውስጥ መኖር ያለባቸው የፍርዱ ግልባጭ፣ የሱዋሂሊ ትርጉሙና የአባላት መዝገቡ ናቸው። መዝገቡ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሞቱት በወራሾቻቸው ይተካሉ፣ 18 ዓመት የሞላቸው ይጨመራሉ፣ የውክልና ሰነዱም በአዲሶቹ ሽማግሌዎች ስም እንደገና ይፈረማል።